ቀጭኗ በሉጤ እና የሰፈሩ ውሃ

ስልኬን ወንዝ ውስጥ ልወረውረው ትንሽ ነው የቀረኝ። በኋላ ስልኩ ምን አጠፋ አልኩና ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

ላይቩን ያያችሁ እባካችሁ ዝም በሉ። ስክሪንሾት ያደረጋችሁት ደግሞ ጉዳያችሁን ከአላህ ጋር ተነጋገሩ!

ላላያችሁት ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እንደዚህ ተናድጄ አላውቅም። ፊደል ብስት እለፉኝ።

እኔ ሰዒዳ ነኝ፣ የወሎ ልጅ። ካርቱም ብዙ ኖሬያለሁ። ልጄ ሐያት ስትናገር ግማሹ አማርኛ ግማሹ ዓረብኛ ነው። ሰፈሩም «ኡም ሐያት» ነው የሚለኝ፣ የሐያት እናት ለማለት። እኔ፣ ልብስ ሰፊው ባሌ ጀማልና እሷ የምንኖረው ዓባይ ዳር ያለ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ነው።

ግቢያችን ግቢ ከተባለ! እዚህ ሖሽ ይሉታል። በክፍላችንና በአጥሩ መሀል ያለችው ቦታ አንድ ፍራሽ ብታነጥፉባት ትሞላለች። ግን የካርቱምን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ በበጋ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ሖሻችን መኝታ ቤታችን ነው፣ ማድ ቤታችን ነው፣ የእኔም ፀጉር ቤት ነው።

ከጦርነቱ በፊት ነው፤ አንድ ቀን ፀጉሬን ታጥቤ፣ ሻሼን ጥዬ፣ እያበጠርኩ ቀና ብል...

መስኮት!

ጎረቤታችን ዓሚ ኢድሪስ ቤቱ ላይ ፎቅ ሠርቶ መስኮቱን ቀጥታ ወደ እኔ ፀጉር አዙሮታል! («ዓሚ» ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ እዚህ ትልቅ ሰው እንደዚያ ይጠራል።) እውነቱን ለመናገር ከመስኮቱ ላይ ፊት አይቼ አላውቅም። ግን መስኮት እኮ መስኮት ነው! ሰው ሊቆምበት አይደል የተሠራው?

ያን ጊዜ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እመቤቲቱ ዛፍና አበባ ካየች ሌላ ነገር የማይታያት ሴት ናት። ስለ መስኮቱ እያማረርኩ ሳወራላት ሰማችኝና ከጓሮ አንድ ችግኝ በባልዲ ይዛ መጣች።

«ይሄ በሉጥ ነው፤ ፈረንጆቹ ኦክ ይሉታል። ሌላው በሉጥ እንደ ድንኳን ይዘረጋል። ይሄኛው ግን ወደ ጎን መሄድ አያውቅም፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ብቻ ነው። ለጠባብ ቦታ የተፈጠረ ነው፤ ውሰጂው» አለችኝ።

ወደ ላይ ብቻ! ለእኔ ሖሽ የተላከ አይደለም?

ጀማል ሲያያት ሳቀ። «ይሄ የብርድ አገር ዛፍ እኮ ነው። እዚህ እኛም እየተጠበስን ነው!» አለ።

ነገር ሲከለክሉኝ ምን እንደምሆን ታውቃላችሁ። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጌ ቆፈርኩ፤ ከግድግዳውም ከአጥሩም እኩል አራቅኳት። የመጀመሪያው በጋ ላይ የቅጠሎቿ ጫፍ ተቃጥሎ እንደ አሮጌ ወረቀት ተጠቀለለ። አለቀስኩ። በእርጥብ ጆንያ ከለልኳት፣ ሥሯ እንዳይደርቅ ገለባ አለበስኳት፣ ሩዝ ያጠብኩበትን ውሃ ሁሉ ለእሷ አደረግኩ። ሐያት ቀንታባት «አንቺ እሷን ነው የምትወጂው» ብላኝ ታውቃለች።

ኖረች! ወላሂ ኖረች!

ቅርንጫፎቿ ሁሉ ግንዷን አቅፈው ወደ ላይ ተመዘዘች። ወገቧ ቀጭን፣ ቁመቷ መለሎ። መስኮቱን ሸፈነችልኝ። እኔም ያለ ሻሽ ተቀመጥኩ። የዚህ ፔጅ ስም ለምን «የሰዒዳ በሉጥ» እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

እሱን አላወራም። ሸሽተን ገዳሪፍ ገባን፤ የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልኖራችሁበት አትወቁት።

ስንመለስ የሰፈራችን ዛፍ በሙሉ አልቋል። ኒሙም፣ ግራሩም፣ ያ ሁሉ ሻይ የሚሸጥበት ጥላ ለማገዶ ተቆርጦ ሄዷል። የእኔ ቀጭን ግን ቆማለች! ከአጥር ውስጥ ስለሆነች ይሁን፣ ቀጭን ስለሆነች ንቀዋት ይሁን አላውቅም። ማንም ሳያጠጣት ሥሯን ወደ ወንዙ ሰዳ፣ የእኛኑ ዓባይ እየጠጣች ጠብቃናለች። አቅፌያት ያለቀስኩበትን ቪዲዮ ያያችሁ ናችሁ ፎሎወር የሆናችሁት። ፎሎወሬ ሁሉ የእሷ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

የዓሚ ኢድሪስ ፎቅ ግን በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ፈርሷል። መስኮት የለም። ግድግዳም የለም። የቀረው የምድር ቤቱ ጣሪያና ከላይ የተከመረው ፍርስራሽ ነው። ሚስቱ ሐጃ በቱል ደግሞ በስደት ላይ እያሉ ታማ አረፈች፤ አላህ ይዘንላት። በረመዳን ከአጥሩ በላይ ሳህን የምታቀብለኝ ሴት ነበረች።

እና አሁን ልብ በሉ። መስኮቱ የለም። ዛፏ አለች። ይሄን ማንም ሳይነግረኝ ማሰብ ነበረብኝ።

አላሰብኩም!

ወደ ውሃው ልግባ። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ቆይቷል፤ መብራትም የለም። ዓሚ ኢድሪስ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለው። በቀረው ጣሪያ ላይ ሶላር አሰቅሎ ፓምፕ አስገጠመና ውሃውን ለሰፈሩ በነፃ ለቀቀው፤ ለሐጃ በቱል ነፍስ ሰደቃ ብሎ። ጠዋት የሚመጣ ይቀዳል። እኩለ ቀን የሚመጣም ይቀዳል።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሲቃረብ ግን ፓምፑ ቀጥ!

በየቀኑ! ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ሰማዩ አንድ ደመና ሳይኖረው!

እኛ ደግሞ ማን ነን? ሰው ቤት ሠርተን ከሰዓት በኋላ የምንመለስ ሴቶች ነን። ጀሪካናችንን ይዘን ተሰልፈን ተራችን ሲቃረብ፣ ፓምፑ «ግርርር» ብሎ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ያለን ምርጫ ወንዝ ወርዶ መቅዳት ነው። ባለፈው ሐያት ከወንዝ የቀዳሁትን ጠጥታ ሆዷ ተበላሸ። ቀልድ መስሏችኋል? ልጄ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ሶባ ሆስፒታል ድረስ በሚኒባስ ተሸክሜያት ሄጃለሁ። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉልበቴ ላይ ተኝታ «ውሃ» ስትለኝ የምሰጣትን ውሃ እፈራው ነበር።

አልሐምዱሊላህ ዳነች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሚ ኢድሪስን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ምክንያቱም አንድ ነገር አይቻለሁ። ፓምፑ በቆመ ቁጥር የአህያ ጋሪ በሩ ላይ ይቆማል። በርሜል የጫነ! የውሃ ሻጮች ጋሪ! ሰውየው ከእኛ እያጠፋ ለእነሱ እየሸጠ ነው አልኩ። ማን ነገረሽ? ማንም። ራሴ ደረስኩበት! ጎበዝ አይደለሁም?

ለናንተም ጻፍኩላችሁ። «ሰደቃ ብሎ የሚነግድ ሽማግሌ» ያልኩትን ፖስት ታስታውሳላችሁ። ምን ያህል ሼር እንዳደረጋችሁትም እኔ አልረሳሁም።

ሰውየው ደግሞ በመሀል በመሀል በሬን ያንኳኳል። ጉልበቱን ያመዋል፤ ዱላውን ተመርኩዞ ሰላምታውን ያወርዳል። ቤቱ፣ ልጅቱ፣ ጤናው፣ ሁሉ ሰላም? ከዚያ፣

«ያ ኡም ሐያት፣ ስለዚያች ዛፍሽ...»

«ዛፌን እንዳትነካ!»

በቃ፣ ይሄው ነው ንግግራችን። ድሮ ቅጠሏ ግቢው ገባ ብሎ ያማርር ስለነበር፣ አሁንም የቅጠል ክስ ይዞ የመጣ መሰለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ መጣ። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ፣ ዛፏ...» ሲል «ጦርነት ያልቆረጣትን አንተ ልታስቆርጣት ነው?» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ጀማል ከውስጥ «ሰውየውን እስኪጨርስ ስሚው እንጂ!» ይለኛል። እሱንም ዘጋሁት።

እንግዲህ ወደ ዛሬ።

ዛሬ ሥራ አልነበረኝም። ጠዋት ሄጄ ቀድቼ፣ አርፌ መቀመጥ እችል ነበር። ጤነኛ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

እኔ ግን ዕቅድ አወጣሁ! ሰውየውን ፓምፑን ሲያጠፋ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ። ያውም በላይቭ!

ጓደኛዬን ብርቄን ጠራኋት። ብርቄ የጎንደር ልጅ ናት፤ ክርስቲያን ናት፣ ረጋ ያለች ናት፣ ግን ስልክ ስትይዝ እጇ አይንቀጠቀጥም። የሻይ ቤቱ የሳተላይት ዋይፋይ የዓሚ ኢድሪስ ጣሪያ ጫፍ ድረስ ይደርሳል። ሁሉ ነገር ተመቻቸ። ነገር እንዲህ ሲመቻች መጠርጠር ነበረብኝ!

«ሰዒዳ፣ መጀመሪያ ብንጠይቀው አይሻልም?» አለችኝ ብርቄ።

«ሌባ ይጠየቃል?» አልኳት።

ይሄ በላይቩ መጀመሪያ ላይ አለ። ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፄ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሰልፉ ላይ የነበሩትን ሴቶች ቀሰቀስኳቸው። «ያላ፣ እንሂድ! በየቀኑ ውሃችንን ማን እንደሚዘጋው ዛሬ በዓይናችሁ ታያላችሁ!» ጀሪካናቸውን ከእኔዎቹ ጎን በተራ አስቀምጠው ተከተሉኝ። ሱዳናዊቷም፣ ሐበሻዋም፣ ቶቧን፣ ያን የሚጠመጠም ልብሷን፣ እየሰበሰበች አንዷ ከሌላዋ ኋላ። እኔ ፊት ፊት! ሰልፍ የምመራ መስሎኝ ደረቴን ነፍቻለሁ።

ዓሚ ኢድሪስ በረንዳው ላይ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ፓምፑን ልትዘጋ ስትል ልናይ መጣን!» አልኩት።

አየኝ። ስልኩንም አየ። አልተቆጣም። ያ ነው የሚያናድደኝ! ቢቆጣ ምን አለበት?

«ውጡ፤ ማጥፊያው ጣሪያው ላይ ነው። እኔ በዚህ ጉልበት ደረጃ አልወጣም። ውጡና ተቀመጡ፤ ማን እንደሚያጠፋው ታያላችሁ» አለ።

የብረት ደረጃውን ወጣን። የጣሪያው አንዱ ግማሽ ፍርስራሽ ነው፤ ጡብ፣ የተጣመመ ብረት፣ ከሥር የእንጨት ቁምሳጥን ጥግ ይታያል። በዚህኛው ግማሽ፣ በእኛ አጥር በኩል፣ ሶላሩ በሰልፍ ተዘርግቷል። አጠገቡ ማጥፊያው። እኔ ማጥፊያውን ተደግፌ ቆምኩ። ማንም ሳያልፈኝ አይነካውም!

ፓምፑ ከታች ይጮሃል። ውሃው ይወርዳል። ለካሜራው እናገራለሁ።

«ይሄው! ፀሐይ አለች! ሶላሩ አለ! ፓምፑ ይሠራል! እስኪ ማን እንደሚዘጋው እናያለን! ልጄን ያሳመማትን ሰው ዛሬ ታውቁታላችሁ!»

ይሄም ላይቩ ላይ አለ። ልጄን ያሳመማትን ሰው።

ጠበቅን። የልብ ምልክት ትልኩ ነበር፣ ኮመንታችሁን ብርቄ እያነበበች ትነግረኛለች። «በርቺ እህታችን!» «አንበሳ!»

ከዚያ አንዲት ሴት «ያ ምንድን ነው?» አለች።

ጣሪያው ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር ነገር እየተሳበ ነው። እንደ እባብ መሰለኝ፤ ልጮህ ነበር። ከእኛ አጥር በኩል ተነስቶ፣ ጫፉ ሹል፣ ቀጥ ብሎ፣ ቀስ እያለ ወደ ሶላሩ።

ጥላ ነው።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ ጫፍ ነካ። ፓምፑ ድምፁ ወፈረ። ትንሽ ገባ። ፓምፑ አቃሰተ። ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ሠርቶ መሀሉ ላይ ተጋደመ...

ግርርር። ቀጥ።

ማንም ማጥፊያ አልነካም። እኔ ራሴ ተደግፌዋለሁ!

ሁላችንም ጥላውን ተከትለን ዞርን። አንገታችን በአንድ ላይ ነው የዞረው። ሰፈር ውስጥ አንድም ዛፍ የለም። ሁሉም ተቆርጧል ብያችኋለሁ። ከአንዲት በስተቀር።

ከአጥሩ ማዶ ወገቧን ይዛ ቆማለች። የእኔ መለሎ!

ብርቄ ስልኩን ወደ ዛፏ አዞረች፣ ወደ እኔ መለሰች። «ሰዒዳ... ያቺ ያንቺ አይደለችም እንዴ?»

«አጥፊው!» አልኳት።

«ምኑን?»

«ስልኩን!»

«ላይቭ እኮ ነው፣ እንዴት ነው የሚጠፋው? እኔ መክፈት ብቻ ነው ያሳየሽኝ!»

እና ሳይጠፋ ቆየ። ፊቴን አያችሁት። የሳቃችሁባቸው ቢጫ ፊቶች በስክሪኑ ላይ እንደ ዝናብ ሲወርዱ እኔም አየሁ። ያ «አንበሳ» ያለኝ ሰውዬ፣ አዎ አንተ፣ የፍየል ስቲከር ላክህ። ብሎክ ተደርገሃል።

ሴቶቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አንዲቱ ሱዳናዊት፣ ሕፃን ያዘለች፣ አየችኝና «ስንት ጊዜ ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመለስኩ» አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። ለራሷ ነው። ወርዳ ሄደች።

እዚያው ጣሪያ ላይ ቁጭ አልኩ። ሐያት ጉልበቴ ላይ ሆና ውሃ ስትለምነኝ ታየኝ። ያኔ ስረግመው የነበረው ሰው ማን ነው? ልጄን ወንዝ ያስጠጣት ማን ነው? በጆንያ እየከለልኩ፣ ሩዝ ያጠብኩበትን እያጠጣሁ ያሳደግኩት ማንን ነው?

ተናደድኩ! በዛፏ ተናደድኩ፣ በፀሐይዋ ተናደድኩ፣ በእመቤቲቱ ስጦታ ተናደድኩ። በራሴ መናደዱን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ እሱ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ወረድኩ። ዓሚ ኢድሪስ እንደተቀመጠ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። አዎ! ይሄን ማለት ችያለሁ! ይሄ አፍ!

«ልነግርሽ ስመጣ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ዱላውን አየ። «ሰሌዳዎቹ እጅ ለእጅ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ላይ ጥላ ካረፈ ሁሉም ይተኛሉ። ቆይ እሷ እስክትረጋጋ አልኩ» አለኝ።

እስክረጋጋ! ሰውየው እኔ እስክረጋጋ ሲጠብቅ ዕድሜው ሊያልቅ ነበር!

ያ በርሜል የጫነ ጋሪ ይኼኔ በር ላይ ደረሰ። ባለጋሪውን ጠየቅኩት። በርሜሉን እየሞላ ከአልጋ መነሳት ለማይችሉ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነው የሚያደርሰው። የሚቆመውም ፓምፑ ከቆመ በኋላ በማጠራቀሚያው ታንከር ሥር የተረፈች ውሃ ካለች ብሎ ነው። ዛሬም ባዶውን ሊመለስ ነው።

«ሶላሩን ወደዚያኛው ጎን ብናዛውረውስ?» አልኩ። «ፍርስራሹን እኛ እናነሳዋለን። እኔ አነሳዋለሁ! አሁኑኑ!»

ዓሚ ኢድሪስ ራሱን ነቀነቀ።

«ያ የበቱል ክፍል ነው። ልብሷም፣ ዕቃዋም ከሥሩ ነው። ልጄ ከፖርት ሱዳን እስክትመጣ ማንም የእናቴን ዕቃ እንዳይነካ ብላኛለች። ቃል ሰጥቻታለሁ፤ ማዕሌሽ ልጄ» አለ። ይቅርታ አለኝ። እሱ። እኔን!

ያ መስኮት የእሷ ክፍል መስኮት ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የሱ ይመስለኝ ነበር። በቱል ትታመም ስለነበር ንፋስ እንድታገኝ ነው የሠራላት፤ ይሄንንም ዛሬ ነው የነገረኝ። እሱ በዚያ ጉልበቱ ከታች ነበር የሚተኛው። እኔ ፀጉሬን የሸፈንኩት በረመዳን ሳህን ከምታቀብለኝ ሴት ነው።

ቤት ገባሁ።

«ጀማል፣ መጋዝ አምጣ።»

ልብስ እየሰፋ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን?»

«አትጠይቀኝ!»

ይሄ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ አትጠይቀኝ ስለው አልጠየቀም። መሰላሉን በአጥሩ አስደገፈ። ልቆርጥ የምችል መስሎኝ እኔ ነበርኩ መጀመሪያ የወጣሁት። ቅርንጫፎቿ ግንዷን አጥብቀው ስላቀፉ መጋዙ አይገባም። እጄን አስገብቼ ስለያያቸው፣ ውስጧ ቀዝቃዛ ነው። ውጭ ሰው እየተጠበሰ የእሷ ሆድ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር አለ። የወፍ ጎጆም ነበር፤ ባዶ።

እጄ እምቢ አለ። ወላሂ እምቢ አለኝ። መሰላሉ ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ጀማል እግሬን ይዞ «ውረጂ፣ እኔ ልቁረጣት» አለኝ። ወረድኩና መሰላሉን ያዝኩ። ግንዷን ከወገቧ ላይ ሲቆርጠው መጋዙ የሚያወጣውን ድምፅ አልገልጽላችሁም። ሐያት ከውስጥ ሆና ጆሮዋን ያዘች። ሙሉ ለሙሉ አልቆረጥናትም። ግማሿን። ጥላዋ ጣሪያው ላይ እንዳይደርስ ያህል።

የተቆረጠው ጫፍ ሖሹን ሞላው። ፍራሽ የሚያህል ቦታችን ላይ እንደታመመ ሰው ተጋደመች።

ከአጥሩ ማዶ ፓምፑ ተነሳ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲሮጡ ይሰማኛል። ያቺ ሕፃን ያዘለችውም እንደተመለሰች ብርቄ ነገረችኝ። እኔ አልወጣሁም። ቅጠል እየለቀምኩ፣ እየተሳደብኩ፣ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ነበር።

ብርቄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ላይቩን በመጨረሻ ማጥፋት ችላለች፤ አንዱ ተመልካች በኮመንት አስተማራት! ቅርንጫፍ አብራኝ ስትሰበስብ ቆየችና «ኮመንት ላንብብልሽ?» አለችኝ።

«አታንብቢ።»

«አንዱ ግብርና የተማረ ነው።»

«አታንብቢ አልኩሽ!»

አነበበች። «እህቴ፣ የዚህ ዓይነት ቀጭን በሉጥ አናቱ ከተቆረጠ ቅርጹን ያጣል፤ ከዚህ በኋላ ወደ ጎን ሊሰፋ ይችላል።»

ወደ ጎን!

ፍራሽ የሚያህል ሖሽ ውስጥ ወደ ጎን! ወዴት ነው የምትሰፋው፣ እኛን አስወጥታ? አንተ የግብርና ሰውዬ፣ ይሄን ከመቁረጤ በፊት ብትጽፈው እጅህ ይሰበራል?

እንደ እብድ ሳቅኩ። ብርቄም ሳቀች። ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። ጀማል ሁለታችንንም አይቶ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ገና እንባዬ ሳይደርቅ በሩ ተንኳኳ። ባለጋሪው ነው። የእኛን ጀሪካኖች፣ ሰልፉ ላይ ትቼያቸው የመጣሁትን፣ ሞልቶ አምጥቷል። «ዓሚ ኢድሪስ ነው፤ ልጅቱ ንጹሕ ውሃ ትጠጣ ብሏል» አለ።

ሰው ቢሰድበኝ መልስ አላጣም፤ እናንተ ትመሰክራላችሁ። ውሃ ሲልክልኝ ግን ምን ብዬ ነው የምመልሰው? እንዴት ዓይነት ሰው ነው እንደዚህ የሚበቀለው?

ሐያት አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ጠጣች። እኔ ሁለተኛውን ቀዳሁላት።

እንግዲህ ይሄው ነው። ያንን «የሚነግድ ሽማግሌ» ያልኩበትን ፖስት አጥፍቼዋለሁ። ሼር ያደረጋችሁ እናንተም አጥፉ፤ ስታጋሩት ፈጣን ነበራችሁ፣ ስታጠፉም ፍጠኑ! «ዛፍሽን ስለወደድሽ ነው» ምናምን እያላችሁ ደግሞ አታጽናኑኝ። መጽናናት አልፈልግም። ገና ተናድጄ አልጨረስኩም።

አሁን ይቅርታ ልጠይቀው ልሄድ ነው። ሻሼን አስሬያለሁ፣ ጫማዬን አድርጌያለሁ፣ ከበሩ መውጣት ነው ያቃተኝ። ብርቄ ብቻሽን ሂጂ፣ በጆሮው ንገሪው፣ ሰው አይይሽ ትለኛለች። ጀማል ደግሞ ሌባ ያልሽው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አይደል ይለኛል።

እስኪ እናንተ ፍረዱ፤ ስድቡ በላይቭ ከነበረ፣ ይቅርታውስ በምን ይሁን?